ስትቆም የምትንቀጠቀጥ መኪና

አንድ ሾፌር ነበረ፤ መኪናው ስትሮጥ ሰላም፣ ስትቆም ግን የምትንቀጠቀጥ።

ይህን ምሳሌ የተናገሩት የእድራችን ዳኛ ጋሽ ማንደፍሮ ናቸው። የተናገሩትም ለአትጠገብ ነው፤ ለወፍጮ ቤቷ አትጠገብ። እናቷን ከቀበረች ዓመት ሊሞላት ነው። በዚያ ቤት እሷና እናቷ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አሁን እሷ ብቻ ቀርታለች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዱቄት እንደለበሰች ወደ እድሩ መጋዘን መጣችና በሩ ላይ ቆመች። ጋሽ ማንደፍሮ የእድሩን ድንኳን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው የተቀደደውን በመርፌ ይሰፉ ነበር።

«ጋሼ፣ ለእናቴ ሙት ዓመት ድንኳን እንዳታወጡ ልነግርዎት ነው የመጣሁት» አለች። «ሙት ዓመቱም ይቅርብኝ። ከእንግዲህ እሑድ እሑድም ወፍጮውን ላስነሳ ነው።»

«ምነው? እህሉ ሰንበት አይወድም እንዴ?»

አልሳቀችም። «ወፍጮው ሲዞር ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ ከሰው ጋር እጫወታለሁ። ወፍጮው ቆሞ ቤቱ ጭር ሲል ነው እጄ የሚንቀጠቀጠው። ደረቴ ሳይቀር ይናወጣል። እሑድማ አይነሳ! እንግዲህ ማረፍ ለእኔ አይሆንም ማለት ነው። ሳልቆም ብኖርስ ምን ክፋት አለው ጋሼ?»

ጋሽ ማንደፍሮ ግድግዳውን ተደግፎ የተቀመጠውን አግዳሚ ወንበር አሳዩአትና «ቁጭ በይ» አሏት።

«ደህና ነኝ። ቆሜ እሰማለሁ።»

«ቁሚ እንግዲህ። እግሩ የራስሽ ነው» አሉና ወደ መርፌያቸው አቀረቀሩ። ከዚያ ነው የሾፌሩን ነገር የጀመሩት።

ያ ሾፌር ቤቱ ደጋ ነው። ሥራው ከደጋ ድንችና ጎመን ጭኖ ቆላ ማራገፍ፣ ከቆላ ደግሞ ሎሚና ቲማቲም ጭኖ መመለስ ነው። መኪናው ከኋላ ጭነት የምትይዝ፣ ከፊት ከሾፌሩ ጎን አንድ ሰው የምታስቀምጥ ፒካፕ ነበረች። በደጋውና በቆላው መካከል ክፉ ቁልቁለት አለ። ጭነት የያዘ መኪና ፍሬኑ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚወርደው። የቸኮለ ሾፌር ደግሞ፣ ያልቸኮለ ሾፌር ካለ ንገሪኝ፣ በማርሽ አይወርድም፤ እግሩን ፍሬኑ ላይ እንደተከለ ነው ታች የሚደርሰው። ደርሶ ሲቆም የፊት ጎማዎቹ ይጨሳሉ፤ የብረት ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል።

ከቁልቁለቱ ግርጌ ምንጭ አለ። በዚያ መንገድ በሚመላለሱ ሾፌሮች ዘንድ አንድ የቆየ ልማድ ነበር። ከሩቅ አገር የመጣ ነጋዴ በቅሎውን ውሃ አያጠጣም? እነሱም ልክ እንደዚያው ናቸው። ታች የደረሰ ሁሉ ከምንጩ በጀሪካን ይቀዳና የሚጨሰው ጎማ ላይ ይቸልሰዋል። ብረቱ ይንጫጫል፣ እንፋሎቱ ቡልቅ ይላል፣ ሾፌሩም መኪናውን መታ መታ አድርጎ «እፎይ በይ» ይላታል። ይህን ያስተማራቸው ሰው የለም። ያኛው ሲያደርግ ይሄኛው አይቶ፣ ይሄኛው ሲያደርግ ያኛው አይቶ ነው።

ይህ ሰው ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነበር። ሌላው አንድ ጀሪካን ሲያፈስ እሱ ሳይደግም አይሄድም። መኪናውን ይወዳታላ! ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ሲመሽ በሩን ከፍቶ የሚገባው ባዶ ቤት ነው። ጠዋት ሲነሳ የምትጠብቀው እሷ ብቻ ናት።

ከምንጩ ወዲያ ሜዳው ይጀምራል። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ እዚያ ሲደርሱ እግር ሳይታዘዝ ነዳጁን ይረግጣል። በዚያ ሜዳ ላይ፣ ከመንገዱ ዳር፣ የእህቱ ቤት አለ። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ነበር። እህቱ ለራሷ ትዳር ሳትይዝ እሱን በጀርባዋ አዝላ አሳደገችው። እታለም ነው የሚላት። የመኪናውን ድምፅ ከምንጩ ጀምራ ታውቀዋለች፤ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጥታ የአጥሩ በር ላይ ትቆማለች። እሱም ይቆማል። ቆሎ ይዘግናል፣ የላም፣ የዝናብ፣ የጎረቤት ወሬ ይሰማል፣ «በል እንዳይመሽብህ» ትለዋለች፣ ይሄዳል።

ለእሷ ብቻ አይደለም፤ በመንገዱ ላይ እጁን ላነሳ ሰው ሁሉ የሚቆም ሰው ነበር። አሮጊት ይሁን፣ ነፍሰ ጡር ይሁን፣ ከገበያ የዘገየ ገበሬ ይሁን፣ ከጎኑ ያስቀምጠዋል። ወሬ ይወድ ነበር። እንዲያውም ሰውን የሚጭነው ለጽድቅ ይሁን ለወሬ አይታወቅም ይሉት ነበር።

አንድ ቀን ሜዳው ላይ በፍጥነት ሲሄድ አህያ መንገድ ገባችበት። ፍሬን ያዘ። መሪው እጁ ውስጥ ተንዘፈዘፈ። ወባ የያዘውን ሰው እጅ የጨበጠ መሰለው። አህያዋ አለፈች፤ እግሩን ከፍሬኑ ላይ ሲያነሳ መሪው እንደገና ሰላም ሆነ።

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ቁልቁለቱን ቀስ ብሎ ሲወርድ ፍሬን ቢይዝ ምንም የለም። በፍጥነት ሄዶ ሲይዝ ግን መሪው እስከ ክርኑ ያንቀጠቅጠዋል፤ እየዋለ እያደረ ደግሞ ባሰበት።

ሰውየው ፈራ። ሾፌር መፍራቱን ከሚናገር መሪውን ቢበላ ይመርጣል፤ ዝም አለ። ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ዘንድ ሄደና «መኪናዬ ትንቀጠቀጣለች» አለው። ሌላ ነገር አልጨመረም። ጎሚስታው ጎማዎቹን አውርዶ ክብደታቸውን አስተካከለለት። አልተሻላትም። ጋራዥ ሄደ። እዚያም «መኪናዬ ትንቀጠቀጣለች» አለ። የጎማዎቹን አቅጣጫ ቀጥ አደረጉለት፣ የመሪውን መጋጠሚያ ቀየሩለት። አሁንም አልተሻላትም። ሰዎቹ ሥራቸውን የማያውቁ አይደሉም፤ የሠሩለት የነገራቸውን ያህል ነው። «ስትሮጥ ነው ወይስ ፍሬን ስትይዝ?» ብለው ሲጠይቁት «እንዲያው ዝም ብላ ነው» ይላቸዋል። ያውቀዋል እኮ! ግን «ስይዝ ነው» ካላቸው «ፍሬን ከሆነማ መኪናዋን እዚሁ አቁማት» ይሉታል። እሷን አቁሞ ባዶ ቤቱ ገብቶ ሊቀመጥ ነው? ከዚያ ይልቅ መዋሸት ቀለለው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት ወደው አይደለም።

በመጨረሻ ራሱ መፍትሔ አገኘ። ጥሩ የሚመስል የሞኝ መፍትሔ። «ስይዝ ከሆነ የምትንቀጠቀጠው» አለ፣ «አልይዛትማ!»

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሰው ሳይበዛበት ማልዶ መነሳት ጀመረ። ከፊቱ መኪና ካየ ሩቅ ይሆናል። ገበያው ጋ ሲደርስ ከሩቁ ነዳጁን ለቆ መኪናዋ ራሷ እስኪደክማት ይጠብቃል። መንገድ ዳር እጁን ላነሳ ሰው ግን እንዴት ይቆማል? ሰው እንደ ገበያ ከሩቅ አይታይም። መጀመሪያ ሰሞን በእጁ «ሞልቷል» እያለ ምልክት ያሳይ ነበር፤ ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ መሆኑን ግን ቆሞ የቀረው ሰው ያያል። ቆይቶ ምልክቱንም ተወው። ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ ማለፍ ብቻ ሆነ። ሰዎቹም ለመዱት፤ የእሱን መኪና ሲያዩ ያነሱትን እጅ ያወርዱ ጀመር።

እህቱንም አለፋት፤ ቤቷ መኪናዋ በምትበርበት ሜዳ ላይ ነዋ። የመጀመሪያ ቀን ክላክስ ብቻ አሰማት። ቸኩሎ ነው ብላ እጇን አውለበለበችለት። በማግስቱም ክላክስ አሰምቶ አለፈ። «ነገ እቆማለሁ» ይላል፤ ነገ ሲመጣ እግሩ ወደ ፍሬኑ ሄድ ይልና መንቀጥቀጡ ትዝ ሲለው ይመለሳል። እንዲህ እንዲህ ሲል አንድ ቀን በሩ ላይ አጣት። በሌላውም ቀን አልነበረችም። ተቀየመችኝ አለ። ተቀይማኛለች ብሎ ካሰበ በኋላ ደግሞ መቆሙ ይብስ ከበደው፤ ምን ብሎ ፊቷን ሊያይ? ክላክሱን እያሰማ፣ ወደዚያ ሳያይ፣ ማለፍ።

ከጎኑ ያለው ወንበር አቧራ ለበሰ። ኮቱን አውልቆ እዚያ ያኖረው ጀመር፤ አንዳንዴም ሳያውቀው ኮቱን ያናግረዋል። ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም፤ እሱም ቆላ ገበያ ከሁሉ ቀድሞ ይደርስ ነበር። ደርሶ ያራግፋል፣ ይጭናል፣ ይመለሳል። ከመጫኛ ሠራተኛ ጋር ከሚለው «ቀስ በል፣ እንዳይፈርጥ» በቀር ቀኑን ሙሉ ቃል ሳይተነፍስ የሚውልበት ጊዜ ነበር። ማታ ቤቱ ገብቶ ጉሮሮውን ሲጠርግ የራሱ ድምፅ ያስደነግጠዋል። ብቸኝነት መቼም ሲመጣ በር አያንኳኳም። እሱ ግን ደህና ነኝ ይል ነበር። መኪናዋ እየሮጠች እስከሆነ ድረስ መሪው ሰላም ነዋ!

እዚህ ላይ ጋሽ ማንደፍሮ ቀና ብለው አትጠገብን አዩአት። የበሩን መቃን ደገፍ ብላለች። በአገጫቸው ወንበሩን ጠቆሟት። ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ክሩን በምራቃቸው አሹለው ቀጠሉ።

ክረምቱ ወጣ። አንድ ቀን ሾፌሩ ሜዳውን በፍጥነት ሲበር እንደ ልማዱ ክላክሱን አሰማና፣ ምን እንዳዞረው አያውቅም፣ ዓይኑ ወደ እህቱ ቤት ሄደ። ከአጥሩ በር ፊት፣ እሷ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ሳር በቅሏል። ያውም ለምለም፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ። ሰው ሳይረግጠው ክረምቱን ሙሉ የጠጣ ሳር።

የተቀየመ ሰው በር ላይ አይቆም ይሆናል፤ ግን ውሃ ሊቀዳ፣ ከብት ሊያወጣ አይወጣም እንዴ? እግሩ ሳያማክረው ፍሬኑ ላይ ወጣ። መሪው ተነሳበት። እጁን፣ ክርኑን፣ ትከሻውን አንዘፈዘፈው፤ ጥርሱ እርስ በርሱ ተንቀጫቀጨ። በሌላ ቀን ቢሆን እግሩን ያነሳ ነበር። ያን ዕለት አላነሳም። «ተንቀጥቀጪ!» አላት። «እስክትቆሚ ድረስ ተንቀጥቀጪ!»

ቆመች።

ሳሩን ረግጦ ገባ። እህቱ መደብ ላይ ተኝታለች። ጉልበቷ አብጦ መቆም ከተሳናት ቆይቷል፤ በጓሮ በኩል እየገባች ውሃና እህል የምታቀምሳት ጎረቤቷ ናት።

«ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ እታለም።»

«አንተ! ክላክስህን ሰማሁ እኮ። ዛሬ አላለፍክም?»

ይህን ያለችው ለነገር አልነበረም፤ ገርሟት ነው። እሱን ግን ከስድብ ይልቅ ወጋው። «እንዲህ ሆነሽ እንዴት አትልኪብኝም?» አላት።

«በማን ልላክብህ? አንተ ለማን ትቆማለህና።»

እሷው ቀጠለች፦ «ክላክሱን ስሰማ ከዚሁ እጄን አነሳልሃለሁ። እንዲህ።» ቀጭን ክንዷን ወደ ግድግዳው አነሳችለት። «ግድግዳው ባይኖር ታየኝ ነበር።»

«ተቀይመሽኝ መስሎኝ...»

«እኔ? አንተን ተቀይሜ የት ልደርስ!»

ትልቅ ሰው ነው፤ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከዚያ አቅፎ አወጣት። ኮቱን ከወንበሩ ላይ አነሳ፣ አቧራውን በእጁ ጠረገ፣ ከጎኑ አስቀመጣትና ወደ ገበያው ከተማ ጤና ጣቢያ ይዟት ሄደ። መንገድ ላይ ጋሪ ገጠማቸው፤ ሲይዝ መሪው ተንዘፈዘፈ። እህቱ እጁን አየች።

«ምን ሆነህ ነው?»

«እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት። ስይዛት ነው። ለዚህ ነው የማልቆመው እታለም። ይሄ ነው ያስፈራኝ።»

እሷ ስለ መኪና የምታውቀው ድምፁን ብቻ ነው። ልጅ ማሳደግ ግን ታውቃለች። «አንተ ሕፃን ሆነህ ስታለቅስ» አለችው፣ «የቱ ጋ እንደሚያምህ እስካውቅ እዳስስህ ነበር እንጂ ለቅሶህን ጠልቼ ጥዬህ አልሄድኩም። እስቲ አንድ በአንድ አሳየኝ። ዝም ብላ ስትሮጥስ?»

መንገዱ ባዶ ነበር። ለቀቃት። ሮጠች። «አሁን ሰላም ናት» አላት፤ ይህን ሲል ጎማው እንዳልሆነ፣ መጋጠሚያውም እንዳልሆነ ለራሱ ገባው።

«ሌላ መያዣ የላትም?»

የእጅ ፍሬኑን ቀስ አድርጎ ሳብ አደረገው። እሱ የሚይዘው የኋላውን ጎማ ነው። መኪናዋ ቀዝቀዝ አለች፤ መሪው ግን ንቅንቅ አላለም። ለቀቀና እንደገና ፍጥነት ሰጣት፣ የእግሩን ፍሬን ያዘ። ተንዘፈዘፈ።

«ከፊት ነው» አለ ሰውየው። «የፊቱ ፍሬን ነው።»

«ይህን ለማን ነግረህ ነበር?»

«ለማንም።»

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ማለት ይሄ ነው። የጠየቀችው የጥበብ ጥያቄ አልነበረም፤ ከጎኑ ሰው ቢኖር ማንም የሚጠይቀው ነው። ከጎኑ ግን ኮት ነበር።

እህቱን ጤና ጣቢያ አስተኝቶ ጋራዥ ሄደ። በዚህ ጊዜ ምንም ሳይደብቅ ተናገረ፤ በፍጥነት ስትሄድ፣ ስይዛት፣ ከፊት። መካኒኩ ሌላ ነገር አልነካም። የፊቱን ጎማ አወጣና ከውስጥ ያለውን የብረት ሳህን፣ ዲስኩን፣ አሳየው። ፍሬን ሲረገጥ ከግራና ከቀኝ ጨብጦ የሚያቆመው እሱን ነው። መካኒኩ ብረቱን በእጁ እያዞረ አንድ ሹል ብረት አጠገቡ ያዘለት። አንዴ ይነካል፣ አንዴ ይርቃል።

«ተጣሟል» አለው። «ቀስ ስትል አይታወቅህም። ስትፈጥን ግን በተጨበጠ ቁጥር ይገፋል፤ ግፊቱ ነው መሪው ድረስ የሚመጣው። ቁልቁለቱን ወርደህ ሳይበርድ ውሃ ትቸልስበታለህ?»

«ሁልጊዜ!» አለ ሰውየው በኩራት። «ለእሷ ብዬ።»

«ለእሷ ብለህ ነዋ ያጣመምካት። የጋለ ብረት በአንድ ጊዜ አይበርድም ወንድሜ። ትኩስ ብርጭቆ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሰህ አታውቅም? በከባድ ማርሽ ውረድ፣ ፍሬኑ ላይ አትተኛ፤ ከወረድክ በኋላም ቀስ ብለህ ሂድ፣ ንፋሱ ያበርደዋል። ደግሞ ውሃው ምንም አላጠፋም። ጊዜውን አልጠበቅክም እንጂ።»

ዲስኩ ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ሄዶ ተላገ። ቀጠነ፤ ግን ተስተካከለ። እስኪመለስ ድረስ መኪናዋ ጎማዋን አውልቃ ቆመች፤ ሰውየውም የሚሮጥበት አጣ። ያን ሁሉ ጊዜ የሸሸው ይህን ነበር። ጤና ጣቢያ ገብቶ እህቱ አልጋ አጠገብ ቁጭ አለ። መሪ ሳይዝ፣ ፍሬን ሳይረግጥ፣ ሁለት እጁ ጉልበቱ ላይ ሆኖ ተንቀጠቀጠ። እህቱ አየችና አንዱን እጁን ያዘችለት።

ከዚያ ወዲያ ምንጩ ጋ ሲደርስ ውሃ አይቀዳም። ጓደኞቹ «ምነው፣ ዛሬ አልጠማትም?» እያሉ ይስቁበታል፤ እሱ ቀስ እያለ ያልፋል። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው መንገድ ዳር የቆመውን ያያል፤ ያየም ይቆማል። ወንበሩ እንደገና ሰው ያገኝ ጀመር። በእህቱ በር ፊት የነበረው ሳርም በእግሩ ተረግጦ መንገድ ሆነ።

ግን ሁሉ ነገር አልተመለሰም። እሷ ዳግመኛ በሩ ላይ አልቆመችም፤ ጉልበቷ ሕክምና ያገኘው ዘግይቶ ነበርና። ገብቶ ከመደቡ ጫፍ ይቀመጣል፣ ቆሎውን ይዘግናል፣ ወሬውን ይሰማል። አንዳንዴ እነሱ ሲጫወቱ ሌላ መኪና ክላክስ እያሰማ በውጭ ያልፋል። ያን ጊዜ ክንዷ፣ እሷ ሳታውቀው፣ ወደ ግድግዳው ብድግ ይላል። እሱ ከጎኗ ተቀምጦ። ይህን ሲያይ ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል።

ጋሽ ማንደፍሮ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና መርፌውን ድንኳኑ ላይ ሰኩት። ወደ አትጠገብ ዞሩ።

«እንግዲህ አንቺ ልጅ፣ ወፍጮው ሲቆም ነው የምንቀጠቀጠው አልሽኝ። ስለዚህ አልቆምም አልሽኝ። ሾፌሩም ያለው ይህንኑ ነው። ፍሬን የሚያጣምም መስሎሻል? ፍሬን የተጣመመውን ይናገራል እንጂ። መቆምን አትጥዪው፤ እውነቱን የነገረሽ እሱ ብቻ ነው።»

አትጠገብ ወደ ወፍጮ ቤቱ ዞር ብላ አየች።

«እናትሽን በቀበርን በማግስቱ ድንኳኑን አስነቀልሽ። ሰልስት እንኳ ሳይደርስ ወፍጮውን አስነሳሽ። መንደሩም በርቺ አለሽ፤ ሥራ ያስረሳል አለሽ፤ እንዲህ ናት ጠንካራ ሴት አለ። ጀሪካን ያላቀበለሽ የለም። ብረቱ ገና ይጨስ ነበር፤ አንቺ ውሃውን ቸለስሽበት። ሥራ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ውሃም ክፉ አይደለም። ሰዓቱ አልነበረም። ለቅሶ መቀመጥ ምንድነው? ሰው ይገባል፣ ጥግ ይይዛል፣ ዝም ይላል፣ እግዜር ያጥናሽ ብሎ ይወጣል፤ ሌላው ይገባል። ሲያዩት የማይረባ ነገር ነው። ንፋስም ሲያዩት ምንም አይደለም፤ የሚያበርደው ግን እሱ ነው። አንቺን ንፋስ አላገኘሽም።»

«ጋሼ፣ ዓመት ሆነኝ እኮ። አሁን ቢቀመጡት ምን ይሆናል?»

«ምን ይሆናል? ትንቀጠቀጫለሽ። ያን ዕለት እጅሽም፣ ደረትሽም ይንዘፈዘፋል፤ እግርሽን አታንሺ። እስክትቆሚ ነው። እንደ ድሮዋ አትጠገብ ትሆኛለሽ ብዬ አልዋሽሽም፤ የተላገ ብረት ይቀጥናል። ግን ይስተካከላል። ደግሞ ብቻሽን አትሆኚም። ይህ ድንኳን ለምን የተሰፋ ይመስልሻል? ከጎንሽ ኮት ሳይሆን ሰው እንዲቀመጥ ነው። ለሙት ዓመቱ አወጣዋለሁ። አትከልክይኝ።»

አትጠገብ ወንበሩን አየችው። የእድሩ ወንበር ነው፤ ባለፈው ዓመት በእናቷ ለቅሶ ሰው ሁሉ ሲቀመጥበት እሷ ያልተቀመጠችበት። ከበሩ መቃን ለቀቀችና መጥታ ጫፉ ላይ ቁጭ አለች። እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች። መንቀጥቀጡ ጀመራቸው። ከእጅጌዋ ላይ ዱቄቱ እየረገፈ ቀሚሷ ላይ ወረደ፤ እንባዋም ተከተለ። ጋሽ ማንደፍሮ ድንኳኑን ከጉልበታቸው አውርደው መጡና ከጎኗ ተቀመጡ።

ከውጭ፣ ከወፍጮ ቤቱ በኩል፣ እህል የተሸከመች ሴት ድምፅ ተሰማ።

«አትጠገብ! ኧረ አትጠገብ! ወፍጮው ዛሬ አይነሳም እንዴ?»

አትጠገብ ልትነሳ ሰውነቷን ሰብሰብ አደረገች። ከዚያ እጇን ወንበሩ ላይ አሳረፈችና ቃሏ እየተቆራረጠ፣ ግን ሴትየዋ እንድትሰማ ጮክ ብላ፣ «ሰኞ ነይ!» አለቻት።

አልተነሳችም።